በሂውስተን የሚገኘው የሮትኮ የጸሎት ቤት

የሮትኮ የጸሎት ቤት በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በሂውስተን ከተማ የሚገኝ ባለ ስምንት ማዕዘን የጡብ ሕንፃ ነው። መስኮት፣ ጉልላትና ደወል ስለሌለው ከውጭ ላየው መጋዘን ይመስላል። የየትኛውም እምነት ተከታይ፣ እምነት የሌለውም ጭምር፣ ገብቶ እንዲቀመጥበት ታስቦ የተሠራ ሲሆን በግድግዳዎቹ ላይ 14 ግዙፍ ረቂቅ ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ፊት፣ ዛፍ ወይም ታሪክ አይታይባቸውም።

ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1964 ለሠዓሊው ማርክ ሮትኮ የሰጡት ባልና ሚስቱ ጆን እና ዶሚኒክ ደ ሜኒል ናቸው። ሮትኮ ኒው ዮርክ በሚገኘው ስቱዲዮው የጸሎት ቤቱን ግድግዳዎች በልካቸው አስቁሞ፣ ከጣሪያው የሚገባውን ብርሃን በፓራሹት ጨርቅ እያለዘበ ሥዕሎቹን ጨረሰ። ተሰቅለው ለማየት ግን አልታደለም፤ በ1970 ሞተ፣ ቤቱም በዓመቱ ተከፈተ።

ገባ ብሎ የሚወጣ ሰው የሚያየው ጥቁር ሸራ ብቻ ነው፤ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። አግዳሚው ላይ ለቆየ ሰው ነገሩ ይለወጣል። ዐይን ደብዛዛውን ብርሃን ሲለምድ ከጥቁሩ ሥር ወይን ጠጅ ብቅ ይላል፤ የብሩሹ ምት፣ የጠርዙ መደብዘዝ ይለያል። ውጭ ደመና ፀሐይዋን ሲጋርድ ሸራው በአንድ ጊዜ ይጠቁራል፤ ደመናው ሲያልፍ ደግሞ መልሶ ይቀላል። ስሜቱ የሚመጣው በዚህ መሐል ይመስለኛል። ሥዕሉ “ይህን እዘን” ብሎ ስለማይመራ፣ ተመልካቹ ይዞት የገባው ሐዘን ወይም ናፍቆት ቦታ ያገኛል። በእንግዶች መዝገብ ላይ ማልቀሳቸውን የጻፉ ብዙዎች ናቸው፤ ምንም አልተሰማንም ያሉም አሉ። ሮትኮ ራሱ በሥዕሎቹ ፊት የሚያለቅሱ ሰዎች እርሱ ሲስል ያለፈበትን መንፈሳዊ ስሜት እንደሚጋሩ ተናግሮ ነበር።

ትልቁ ችግር ከመጀመሪያው ጀምሮ ብርሃኑ ነበር። ለኒው ዮርክ ሰማይ የታሰበው የጣሪያ መስታወት የሂውስተንን ኃይለኛ ፀሐይ አስገባ፤ ሥዕሎቹም ተጎዱ። መጀመሪያ በጨርቅ፣ ቀጥሎም በትልቅ ጥቁር መከለያ ቢሸፈን ክፍሉ ከሚገባው በላይ ጨለመ። በ2020 በተጠናቀቀው እድሳት መከለያው ተነሥቶ አዲስ የጣሪያ መስታወት ገባ፤ ዛሬ የደመናው ማለፍ በሸራዎቹ ላይ በግልጽ ይታያል።