የምግብ ስብጥር ምንድን ነው?

ጠዋት ዳቦ፣ ቀን ሩዝ፣ ለመክሰስ ድንች ቅቅል፣ ማታ እንጀራ በሽሮ። ልጄ ዛሬ አምስት ዓይነት በላ ትሉ ይሆናል። በስብጥር ከሄድን ግን ሁለት ነው የበላው። ዳቦው፣ ሩዙ፣ ድንቹና እንጀራው አንድ ምድብ ናቸው፤ ሽሮው ሌላ።

የምግብ ስብጥር የሚቆጥረው ምድብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ሕፃናት 8 ምድቦችን ይዘዋል፤ የእናት ጡት ወተት፣ እህልና ሥራ ሥር፣ ጥራጥሬና ለውዝ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላል፣ ቫይታሚን ኤ የሚበዛበት አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሌላ አትክልትና ፍራፍሬ። ሕፃኑ በቀን ቢያንስ ከ5ቱ መቅመስ አለበት። ከፍ ላለ ልጅም መንገዱ ያው ነው። ቅቤ፣ ከወተት ቢወጣም፣ እንደ ወተት አይቆጠርም፤ ብዙ እናቶችን የሚያናድድ ነገር ነው መሰለኝ።

ሥጋ በየቀኑ ይገዛ የሚል ሰው የለም፣ ኑሮውን እናውቀዋለን። ባሕር ዳር ላይ ግን ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉት ዓሣዎች አሉ፣ ማንጎና ፓፓያ አለ፣ ጎመን አለ፣ ዘይቱንም በወቅቱ አይጠፋም። ማንጎ፣ ፓፓያና ጎመን የቫይታሚን ኤ ምድብ ናቸው፤ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንችም እነሱ ጋ ነው የሚገባው። ችግሩ የሚብሰው ጾም ሲገባ ነው። ዕቃው እንዳይነካካ ተብሎ ወተትና እንቁላል ከቤት ይጠፋል፣ ሕፃኑም ሳይጠየቅ አብሮ ይጾማል፤ ከ7 ዓመት በታች ያለን ልጅ ጹም ያለው ግን የለም። አንዲት ትንሽ ድስት ለእሱ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ አለቀ።

እምቢ ሲልስ? ልጆች ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆኑ የማያውቁትን ምግብ መጠርጠር ይጀምራሉ፤ የጤና ነው። ጎመኑን ዛሬ ተፋው ማለት ጠላው ማለት አይደለም። አስር ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቀምሶ ነው የሚለምደው፣ እኛ ግን ሦስተኛው ላይ ተስፋ ቆርጠን ወደ ፓስታ እንመለሳለን። እዚህ ላይ ጉርሻችንም ጣጣ አለው። አያት «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ብለው ሲያጎርሱ ፍቅር ነው፤ አፉን የዘጋን ልጅ መንጋጋ ይዞ ማጉረስ ግን ምግቡን ያስጠላዋል። «ይህን ከጨረስክ ከረሜላ አለልህ» ማለትም ጎመኑን ቅጣት ያደርገዋል።

የሚሻለው ከእናንተ ጋር ገበታ ላይ ማስቀመጥ ነው። ከሚያውቀው ምግብ ጎን አዲሱን በትንሹ አድርጉለትና እናንተው እያጣጣማችሁ ብሉ፤ ምን ያህል እንደሚበላ ለእሱ ተዉለት። ወጡ በርበሬ ሳይገባበት ቀንሱለት። ዓሣ ከሆነ ፊሌቶ (አጥንቱ የወጣለት) ቢባል እንኳ እሾህ እንዳይኖረው በጣታችሁ ፈትፍታችሁ ዳስሱት።