የአራዳው ፈረሰኛ፦ የዐፄ ምኒልክ ሐውልትና ያላለቀው ክርክር

አዲስ አበባ፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ዐፄ ምኒልክ ዘውድ ደፍተውና ካባ ደርበው በፈረስ ላይ ተቀምጠዋል። ፈረሱ የፊት እግሮቹን ወደ ላይ አንስቷል። ለፒያሳ ሰው ቦታው በአዘቦቱ ቀን መቀጣጠሪያና መተላለፊያ ነው። የካቲት 23 ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። የዐድዋ ድል የሚዘከርበት፣ ጉንጉን አበባ የሚቀመጥበት፣ አንዳንድ ዓመትም ግርግር የሚነሳበት አደባባይ ይሆናል። በኢትዮጵያ እንደዚህ ሐውልት ያከራከረ የለም ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። (ቀኖቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐውልቱን ያሠሩት የምኒልክ ልጅ ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው። ምኒልክ በ1906 ካረፉ በኋላ ለአባታቸው መታሰቢያ እንዲቆም አሰቡ። ዲዛይኑ የአንድ ጀርመናዊ አርክቴክት ሥራ ነው። ዘውዲቱ ግን ምርቃቱን ሳያዩ መጋቢት 1922 አረፉ። መጋረጃው የተገለጠው ጥቅምት 22 ቀን 1923 ነው። በማግሥቱ ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ለንግሥ በዓሉ የመጡ የውጭ መንግሥታት እንግዶች ከተማዋን ሞልተዋት ነበር። አዲሱ ንጉሥ ከመንገሣቸው አንድ ቀን በፊት የዐድዋን ድል አድራጊ ለዓለም ማሳየታቸው በደንብ የታሰበበት ነው። ሐውልቱ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ፖለቲካ ነበረው።

የቆመበት ቦታም ትርጉም አለው። የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራሳቸው ምኒልክ ናቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ዐድዋ ድረስ ዘምቷል ተብሎ ስለሚታመን ድሉና ቤተ ክርስቲያኑ በሕዝቡ ልብ ውስጥ አይነጣጠሉም። ድሉም የሚታሰበው በጊዮርጊስ ቀን ነው።

ሐውልቱን መጀመሪያ ያነሳው ፋሺስት ጣሊያን ነው። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ሲገባ የ40 ዓመት ቂም ይዞ ነበር። ዐድዋ ላይ ያሸነፈው ንጉሥ በከተማዋ መሀል በፈረስ ላይ ሆኖ ማየት ለሮም ሹማምንት የማይዋጥ ነገር ሆነ። ሐውልቱ እንዲወርድ ታዘዘ። ሥራው የተከናወነው በሌሊት ነው። በቀን ለማድረግ ሕዝቡን ፈርተዋል። ሲነጋ የአራዳ ሰው ያገኘው ባዶ ቦታ ነበር። ሐውልቱን ግን አላቀለጡትም፤ መሬት ውስጥ ቀበሩት።

በዚያው ዘመን ባቡር ጣቢያው ፊት የነበረው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ወደ ሮም ተጫነ። የአክሱም ሐውልትም እንዲሁ ተወሰደ። ሰኔ 1930 ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ሰይፍ የመዘዘው ከዚሁ አንበሳ ፊት ነው። በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ጊዜ የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም በእሳት ተያይዟል። ይህን ሁሉ የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ብዙ አዲስ አበቤ «ሐውልቱ ይነሳ» ሲባል ቶሎ የሚቆጣው፣ ይህን አሳብ መጀመሪያ በሥራ ያዋለው ወራሪ ስለነበረ ነው። ከነጻነት በኋላ ምኒልክ ከተቀበሩበት ወጥተው እንደገና በቦታቸው ቆሙ።

ደርግ ዘውዱን አጥፍቶ የንጉሡን ስም ከየቦታው ቢፍቅም ይህን ሐውልት አልነካውም። ዐድዋ ለደርግም የሚጠቅም ታሪክ ነበር። ደርግ ያቆመው የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ተገርስሶ ሲወድቅም የአራዳው ፈረሰኛ እንዳለ ነበር።

«ይነሳ» የሚለው የአገር ቤት ድምፅ ጎልቶ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። መንግሥቱ በብሔር ፌዴሬሽን ሲዋቀር፣ ስለ ምኒልክ በየአካባቢው በለሆሳስ ይነገር የነበረው አደባባይ ወጣ። ጥያቄው ባዶ ሜዳ ላይ የተነሳ አይደለም። የአርሲ ኦሮሞ ለዓመታት የምኒልክን የሸዋ ጦር ተቋቁሞ በብዙ ደም ነው የተሸነፈው። በ1879 ጨለንቆ ላይ የሐረር ኃይል ተደምስሷል። ከዐድዋ ጥቂት ጊዜ ቀደም ብሎ ወላይታ በከባድ ጦርነት ተይዟል፤ ንጉሡ ካዎ ጦና ቆስለው ተማርከዋል። ከዐድዋ በኋላም የከፋ መንግሥት ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው በግዞት ሳሉ ሞተዋል። መሬቱ ለነፍጠኛ ተከፋፍሎ ገበሬው ገባር ሆኗል። አያቱ ገባር ለነበረ ሰው ያ ዘውድና ያ ፈረስ ሌላ ነገር ነው የሚያሳየው። ይህን ስሜት «የውጭ ጠላት የፈጠረው» ብሎ ማጣጣል ትክክል አይደለም፤ ፍትሕም የለውም።

በ2006 በአርሲ ሂጦሳ ወረዳ የአኖሌ ሐውልት ተመረቀ። የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ ነው። በአርሲው ዘመቻ ተፈጸመ ለሚባለው የአካል ቆረጣ መታሰቢያ ነው። እሱም በተራው ከፍተኛ ክርክር አስነሳ። የሚደግፉት የታፈነ እውነት ወጣ አሉ፤ የሚቃወሙት ቂም በድንጋይ ተቀረጸ አሉ። በአንድ አገር ሁለት ሐውልቶች እየተያዩ ቆሙ ማለት ነው።

በእኔ እይታ ሁለቱም ትዝታዎች እውነት ናቸው። አንዱን ለመቀበል ሌላውን መካድ አያስፈልግም። ለዚህ ከማንም በላይ የሚያሳምነኝ የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ሕይወት ነው። ባልቻ በልጅነታቸው ከጦር ሜዳ ተሰልበው የተገኙ ናቸው። ምኒልክ ወስደው በቤተ መንግሥት አሳደጓቸው። ያ ልጅ አድጎ ዐድዋ ላይ በመድፈኝነቱ ስሙ ገነነ። ጣሊያን ዳግመኛ ሲመጣም በሽምግልናቸው እየተዋጉ ሞቱ። የዘመቻው ቁስልና የዐድዋ ክብር በአንድ ሰው ገላ ላይ ነበሩ። ዐድዋ የዘመተውም ጦር የሰሜን ሰው ብቻ አልነበረም፤ የኦሮሞ ፈረሰኛ ለድሉ የከፈለውን ዋጋ ማንም ሊፍቀው አይችልም።

የቀላል ባቡሩ መስመር በአራዳ ሥር ሲቆፈር ሥጋቱ እንደገና ተነሳ። ሚያዝያ 24 ቀን 2005 በአቅራቢያው ያለው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለጊዜው ተነሳ። ብዙ ሰው «ይሄ ማሟሻ ነው፣ ቀጥሎ ምኒልክ ናቸው» ብሎ ሠጋ። የተፈራው አልሆነም። አቡነ ጴጥሮስም በ2008 ተመለሱ።

ከሁሉ የከፋው ጊዜ ሰኔ 2012 ነው። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአንድ የቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ፣ ምኒልክ የተቀመጡበት ፈረስ ሲዳ ደበሌ ከሚባል ኦሮሞ የተወሰደ ነው ብሎ ተናገረ። ንግግሩ በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ አወዛገበ። በቀናት ውስጥ፣ ሰኔ 22፣ ሃጫሉ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ከዚያ በተነሳው ቁጣና ሁከት የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። ሐረር ላይ የራስ መኰንን የፈረስ ላይ ሐውልት ተጎትቶ ወደቀ። ለንደን፣ ዊምብልደን በሚገኝ መናፈሻ የነበረው የኃይለ ሥላሴ ሐውልትም በዚያው ሰሞን ተሰባበረ። የአራዳው ግን ቀረ።

የካቲት 23 ቀን 2015 ደግሞ ሌላ መልክ ያዘ። መንግሥት ዋናውን በዓል ወደ መስቀል አደባባይ ወስዶት ነበር። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ወደ ምኒልክ አደባባይ ወጣ። የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ተኮሱ። ጭሱ የጊዮርጊስን ዓመታዊ ክብረ በዓል ለማንገሥ በተሰበሰበው ምእመን ላይ ሳይቀር ደረሰ። አንድ መምህር ተገደለ። ድል ለማክበር የወጣ ሰው በገዛ አገሩ አደባባይ መሞቱ ምንም ምክንያት ቢደረደርለት የሚያስቆጭ ነው። ከዚህ በኋላ የክርክሩ መሀል ነጥብ ከነሐስ ሐውልቱ ይልቅ አደባባዩ የማን ነው የሚለው ሆኗል።

በዓመቱ፣ የካቲት 3 ቀን 2016፣ ከሐውልቱ ብዙም ሳይርቅ ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ የዐድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ሙዚየምና አዳራሾች ያሉት ግዙፍ ግቢ ነው። የዚያ ዓመት ይፋዊ በዓልም እዚያው ተከበረ። ደጋፊዎቹ ድሉ የሁሉም መሆኑ በአንድ ቤት ተነገረ ይላሉ። ተቺዎቹ ሕዝቡን ከፈረሰኛው ለማራቅ የታሰበ ነው ይላሉ። እኔ ሙዚየሙን እደግፋለሁ፤ የዘመቻውንም የድሉንም ታሪክ ሳይሸፋፍን ከተናገረ ደግሞ የበለጠ እደግፈዋለሁ። በሐውልቱ ሥር መሰብሰብን ለመተካት ግን አይበቃም። ነጭ ለብሶ፣ ባንዲራ ይዞ፣ እየፎከረ ወደ አራዳ የሚወጣውን ሰው ማንም በዓዋጅ አልጠራውም፤ በየዓመቱ የካቲት ሲጋመስም «ዘንድሮ ምኒልክ አደባባይ ይፈቀዳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከተማው ውስጥ መጠየቁ አልቀረም።