ጎቲክ ሮክ ምንድን ነው?

«ጎቲክ» ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ጥቁር ልብስና ኩል የጠገበ ዓይን ነው። ልብሱን ለጊዜው እንተወውና ጆሯችንን እንስጥ። ጎቲክ ሮክ ማለት ሰው ጥሎት በሄደ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የሚጫወት የሚመስል ሮክ ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ ግድግዳ መትቶ የገደል ማሚቶ ይዞ ይመለሳል።

ቃሉ ጎቶች ከተባሉት ጥንታዊ የጀርመን ነገዶች ተነስቶ፣ በባለ ሹል ቅስት ካቴድራሎችና በመናፍስት ልብ ወለዶች በኩል ዞሮ ነው ሙዚቃ ላይ የደረሰው። ድምፁ ግን የተወለደው በእንግሊዝ፣ ፐንክ በተባለው ፈጣንና ቁጡ ሮክ ማግስት ነው። የኖርዝሃምፕተኑ ቡድን ባውሃውስ እ.ኤ.አ. በ1979 ድራኩላን በመተወን ስለሚታወቀው ተዋናይ ስለ ቤላ ሉጎሲ ያወጣው ነጠላ ዜማ ከ9 ደቂቃ በላይ ይረዝማል፤ ድምፃዊው አፉን እስኪከፍት ደቂቃዎች ያልፋሉ።

ድምፁ ምን እንደሚመስል ለሚጠይቀኝ ሰው የማስደምጠው ግን ሌላ ነው፤ ዘ ሲስተርስ ኦፍ መርሲ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው «ፍለድላንድ» አልበም። የሊድሱ ቡድን ከሁለት ዓመት በፊት ተበትኖ ነበር። ድምፃዊው አንድሪው ኤልድሪች ስሙን ይዞ ሲቀር፣ ያልከዳው ባልደረባ ዶክተር አቫላንሽ ብቻ ነበር። ዶክተሩ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ የድራም ማሽን ነው።

«ሉክሪሺያ ማይ ሪፍሌክሽን» የተባለውን ዘፈን ክፈቱ። ማሽኑ ይመታል፤ አይደክምም፣ አይቸኩልም፣ ዝንፍ አይልም። በላዩ ቤዝ ጊታር አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ደጋግሞ ይፈጫታል። በተለመደው ሮክ ቤዝ ተቀባይ ነው፤ እዚህ አውራጅ ሆኗል፣ ዘፈኑን ከሰማችሁ በኋላ የምታንጎራጉሩትም እርሱን ነው። በሌሎች ዘፈኖች ጀግናው ጊታር ደግሞ ወደ ኋላ አፈግፍጎ እንደ ጉም ይንሳፈፋል። ከዚያ የኤልድሪች ወፍራም ድምፅ ይመጣል፤ አይጮኽም፣ አያለቅስም፣ የፍርድ ውሳኔ የሚያነብ ይመስላል። ስሜቱን የሚሠራው ይህ ብርድ ነው። ጎቲክን የለቅሶ ሙዚቃ የሚሉ ሰዎች በደንብ ያዳመጡት አይመስለኝም።

«ዲስ ኮሮዥን» ላይ ደግሞ አዳራሹ በድንገት በሰው ይሞላል። ኤልድሪች ለድምፃዊው ሚት ሎፍ ግዙፍ ዘፈኖች የጻፈውን አሜሪካዊ ጂም ስታይንማንን አስመጣ፤ 40 የሚሆኑ የኅብረ ዝማሬ ድምፃውያን ተጨመሩ፣ ዘፈኑም በአልበሙ ላይ 11 ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ልክ ማለፉን ኤልድሪች አሳምሮ ያውቀዋል። ቃላቱን የተከታተለ ሰው ከዚያ ሁሉ ግርማ በስተጀርባ ፌዝ ይሰማል፤ ይህ ፌዝ ባይኖር ያን ያህል ክብደት አይቻልም ነበር።

ነገሩን የሚያስቀው፣ ኤልድሪች ራሱ ጎቲክ መባልን አጥብቆ ይጠላል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ አዲስ የስቱዲዮ አልበም ባያወጣም መድረክ አልተወም። ዶክተር አቫላንሽም አብሮ ይዞራል፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባልደረባ በቡድኑ አጠራር የዶክተሩ «ነርስ» ነው።