«ዘገየ ማለት አንድ ነገር ተገኘብኝ ማለት ነው» እና ሌሎች የዲ.ቢ.ኤስ ወሬዎች

«የወንጀል ማጣሪያ (የዲ.ቢ.ኤስ) ወረቀቴ ፖሊስ ዘንድ ሄዷል፤ ምን አግኝተውብኝ ይሆን?» ይህን ጥያቄ መስማት ሰልችቶኛል። ለንደን ውስጥ በቤቴ ልጆች መያዝ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ይህንኑ ሥራ መጀመር የሚፈልጉ የሀገሬ ልጆችንም ቅጽ ሲሞሉ አግዛለሁ። ብዙዎቹ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ይደነግጣሉ፤ የሚያስደነግጣቸውም ከሰው የሰሙት ያልተጣራ ወሬ ነው።

በእንግሊዝ ዕድሜው ከ8 ዓመት በታች የሆነን የሌላ ሰው ልጅ በራሱ መኖሪያ ቤት፣ በክፍያ፣ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ የሚይዝ ሰው መመዝገብ አለበት። አብዛኞቻችን የምንመዘገበው ኦፍስቴድ በተባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። ለምዝገባው ደግሞ ዲ.ቢ.ኤስ የተባለው መሥሪያ ቤት የወንጀል ሪኮርድ ያጣራል። ከእኛ የሚጠየቀው ከፍተኛው የማጣሪያ ዓይነት ሲሆን፣ ከልጆች ጋር እንዳይሠሩ የታገዱ ሰዎችን ዝርዝር ማየትንም ይጨምራል።

«ከዘገየ አንድ ነገር ተገኝቷል።» አልተገኘም! ማመልከቻው በ5 ደረጃዎች ያልፋል። መጀመሪያ ቅጹ በትክክል መሞላቱ ይታያል፤ ቀጥሎ የፖሊስ ብሔራዊ ኮምፒውተር ይፈተሻል፤ ከዚያ የታገዱት ዝርዝር፤ አራተኛው የየአካባቢው ፖሊስ መዝገብ ነው፤ በመጨረሻ ሰርተፍኬቱ ይታተማል። የማመልከቻ ቁጥሩንና የልደት ቀኑን አስገብቶ ጉዳዩ የት እንደደረሰ በኢንተርኔት መከታተል ይቻላል። ሰው ሁሉ የሚሸበረው አራተኛው ደረጃ ላይ «ፖሊስ» የሚለውን ቃል ሲያይ ነው። ከፍተኛው ማጣሪያ ግን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ልጅ ሞግዚትም ቢሆን በዚያው በር ነው የሚያልፈው።

የሚዘገየውም በዚሁ ደረጃ ነው፤ ምክንያቱም በቅጹ ላይ የ5 ዓመት አድራሻ ይሞላል፣ የእንግሊዝ ፖሊስ ደግሞ በየአካባቢው የተከፋፈለ ነው። አንዲት የማውቃት እህት ከሊድስ ወደ በርሚንግሃም፣ ከበርሚንግሃም ወደ ለንደን የመጣች ናት። ሦስቱ ከተሞች በሦስት የተለያዩ የፖሊስ ተቋማት ሥር ናቸው፤ አንዱ ሥራ ከበዛበት ሁሉም ይጠብቃል። እሷ ግን ይህን አላሰበችም። ከዓመታት በፊት ጎረቤቷ በሙዚቃ ጩኸት ምክንያት ፖሊስ የጠራባት ቀን ትዝ አላት፤ እንቅልፍ አጣች፤ ለማንም ሳታማክር ማመልከቻዋን ሰረዘች። በኋላ እንደገና ከፍላ ከዜሮ ጀመረች፤ ሰርተፍኬቱ ሲደርሳት ይዛው ቤቴ መጣች። አንድ ላይ ተቀምጠን አየነው። በየሳጥኑ የተጻፈው አንድ ዓይነት ነው፦ «ምንም አልተመዘገበም»። በከንቱ ያጣችው ጊዜና ገቢ ዛሬም ያንገበግበኛል።

እባካችሁ አትሰርዙ። አራተኛው ደረጃ ላይ ከ60 ቀን በላይ ከቆየ ዲ.ቢ.ኤስ ዘንድ ደውላችሁ ጉዳዩ እንዲገፋላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህ መብት ነው፤ መደወላችሁ ማንንም አያስቆጣም፣ ጥርጣሬም አያስነሳም።

«ትንሽ ሪኮርድ ያለበት ሰው አይፈቀድለትም» የሚለውም ስህተት ነው። በታገዱት ዝርዝር ውስጥ ያለ ሰው በእርግጥ አይመዘገብም፤ ሕጉ በግልጽ የሚከለክላቸው ሌሎች ጥፋቶችም አሉ። ከዚያ ውጭ ግን ዲ.ቢ.ኤስ መረጃ ያወጣል እንጂ አይፈርድም። ሰውየው ለሥራው ተስማሚ መሆኑን የሚወስነው ኦፍስቴድ ነው። የሚጎዳው መደበቅ ነው።

በእኛ ሰዎች ላይ ጊዜ የሚፈጀው አብዛኛውን ጊዜ ወንጀል ሳይሆን ስምና የልደት ቀን ነው። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም አለ፣ የባንክ ደብዳቤው ላይ የለም። አንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል ተጽፏል፣ ሌላው ላይ በሌላ። የልደት ቀን ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሲመለስ ተሳስቶ የቀረም አለ። ቅጹ ከዚህ በፊት የተጠቀማችሁበትን ስም ሁሉ ይጠይቃል፤ ሁሉንም ጻፉ። ሰነዶቻችሁን ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ ፊደል በፊደል ሳታስተያዩ ቅጹን አትንኩት።

«የሚጣራው እኔ ብቻ ነኝ።» አይደለም። እዚያ ቤት የሚኖር ወይም የሚሠራ 16 ዓመት የሞላው ሁሉ ይጣራል። ባል፣ ኮሌጅ የሚማር ልጅ፣ አንዱን ክፍል የተከራየ ሰው፣ ከሀገር ቤት መጥታ አብራችሁ የምትኖር እናት ሳይቀሩ። ራሷ ጨርሳ የልጇን ሰርተፍኬት የምትጠብቅ እናት አጋጥማኛለች፤ ልጁ መታወቂያውን ለማቅረብ ሰንፎ ነበር። ተከራያችሁን ደግሞ ገና ሳታመለክቱ አነጋግሩት።

«ለአረጋውያን እንክብካቤ ያወጣሁት ዲ.ቢ.ኤስ አለኝ» የምትሉም ብዙ ናችሁ። እሱ የወጣው ከአዋቂዎች ጋር ለሚሠራ ሰው ነው። ለዚህ ሥራ በልጆች ዘርፍ፣ በመኖሪያ ቤት ለሚሠራ ተብሎ የወጣ ያስፈልጋል።

ባለፉት 5 ዓመታት በውጭ ሀገር የኖረ ሰው የዚያን ሀገር የወንጀል ማስረጃም ይጠየቃል። ከዱባይ ወይም ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣችሁ የእንግሊዙን ብቻ ይዛችሁ አትቀመጡ፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ጀምሩ።

«እስኪፈቀድ የጓደኞቼን ልጆች ልያዝ» የሚለው ግን ያስፈራኛል። ሳይመዘገቡ በክፍያ መያዝ ሕገወጥ ነው፤ ምዝገባውንም ራሱን ሊያበላሽ ይችላል። ገቢ የሚያስፈልጋት በልጁ ቤት ሄዳ ሞግዚት ሆና ልትሠራ ትችላለች፤ ለዚያ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። በዚሁ ጊዜ የ12 ሰዓቱን የሕፃናት የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ጨርሱ።

ሰርተፍኬቱ በፖስታ የሚላከው ለራሳችሁ ብቻ ነው፤ ቤት ከቀየራችሁ ቶሎ አሳውቁ። በእጃችሁ ሲገባ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ በዲ.ቢ.ኤስ የማደሻ አገልግሎት (ሰርተፍኬቱ ወቅታዊ መሆኑን በኢንተርኔት ለማየት በሚያስችለው) ተመዝገቡ፤ ክፍያው በዓመት 16 ፓውንድ ነው። የቤተሰቡም እንዲሁ። ቀኑ ካለፈ በዚያ ሰርተፍኬት መመዝገብ አይቻልም፣ አዲስ ማመልከቻ ይጀመራል፤ አራተኛው ደረጃም እንደገና ይጠበቃል።