ብርቅዬ ምንድን ነው? ጅቡን ለቀቅ አድርጉት

ለሰፈር ልጆችና ወላጆች የተፈጥሮ ጉዞ እናዘጋጃለን። ማስታወቂያውን የጻፈው በጎ ፈቃደኛ በትልቁ «ብርቅዬዎቹን የሐረር ጅቦች እንጎብኝ» አለ። ዝም አልኩ። ማታ ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ ወደሆነው ፈላና በር አካባቢ ደርሰን ጅቦቹ ብቅ ብቅ ሲሉ ያው ልጅ ለሕፃናቱ «እነዚህ ከሐረር በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም» አላቸው። ትዕግሥቴ እዚያው አለቀ።

የሉም እንዴ! ባለነጠብጣቡ ጅብ ከሰሃራ በታች ባለው አብዛኛው አፍሪካ አለ። ታንዛኒያ አለ፣ ቦትስዋና አለ፣ አዲስ አበባ ዳርም ማታ ማታ ይጮሃል። (ባለሸንተረሩ ጅብ ሌላ ዝርያ ነው፤ እሱ እስከ ህንድ ድረስ ይዘልቃል።) ሐረር ላይ ብርቅ የሆነው ጅቡ ሳይሆን ከሰው ጋር ያለው ነገር ነው። ሰው በአፉ ከነከሰው እንጨት ላይ ሥጋ ይቀበላል፤ አሮጌውን ከተማ በከበበው የጀጎል ግንብ ቀዳዳ ገብቶ ይወጣል።

ብርቅዬ በእኛ ሙያ፣ በተፈጥሮ ጥበቃ፣ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በተፈጥሮው ከአንድ የተወሰነ ቦታ ውጭ የማይገኝ። «የት?» ለሚለው መልስ ነው። «ስንት?» ለሚለው አይደለም።

ግራ መጋባቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ቃሉ ራሱ «ብርቅ» ከሚለው የወጣ ነው። ደግሞ በትምህርት ቤት ብርቅዬ ተብለን የተማርናቸው ዋልያና ቀይ ቀበሮ ሁለቱንም ናቸው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የሉም፣ ቁጥራቸውም ትንሽ ነው። ያደጉት ቀይ ቀበሮዎች ወደ 500 ገደማ ብቻ እንደሆኑ ይገመታል። ጭላዳን ግን ተመልከቱ። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው ያለው፤ ግን ሰሜን ተራሮች ላይ መንጋው ሜዳ ሞልቶ ሣር ሲነጭ ይውላል። ብርቅዬ ነው፣ ብርቅ አይደለም።

ለልጆቹ መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር ልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው ምሳሌ ያደረግኩላቸው። እዚያ መንገድ ላይ አንድ ሱቅ ብቻ የሚሸጠው ጨርቅ አለ እንበል። ሱቁ ውስጥ እስከ ጣሪያ ተከምሮ ሊሆን ይችላል፤ ያው ብርቅዬ ነው። ሌላ ጨርቅ ደግሞ በየሱቁ አለ፣ ግን በየሱቁ አንድ አንድ ክንድ። እሱ ብርቅ ነው እንጂ ብርቅዬ አይደለም። አሁን ባለሱቁ መሃል ላይ ግድግዳ ሠርቶ ግማሹን ለወንድሙ ቢሰጥስ? ጨርቁ ካለበት አልተነቃነቀም፣ ግን በሁለት ሱቅ ይገኛል ተባለ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ስትሆን የኢትዮጵያ ብርቅዬ ወፎች ዝርዝር ያጠረው እንዲሁ ነው። ያ ወፍራም መንቆር ያለው የደጋ ቁራ ከዛፉ ሳይወርድ የሁለት አገር ሆነ። ወፍ ደግሞ የድንበር ነገር አይገባውም።

ሌሎቹ ሱቆች ቢቃጠሉስ? ድሮ በየቦታው የነበረው ጨርቅ አንድ ሱቅ ላይ ይቀራል። የስዋይን ቆርኬ ድሮ ሶማሊያም ነበረ። እዚያ አለቀ፤ እኛ ጋ ቀረ። ዛሬ «የእኛ ብርቅዬ» ብለን እንኮራበታለን። (በነገራችን ላይ እሱ ንዑስ ዝርያ ነው፤ ማለትም የአንድ ዝርያ ቅርንጫፍ። ጨርቁ አንድ ሆኖ ጥለቱ ቢለይ «ሌላ ጨርቅ» ይባላል ወይ? የእኛ ሰዎች እዚህ ላይ ከጀመሩ አይነጋላቸውም። እዚህ ጋ አንዲት ትንሽ ልጅ ጨርቁ ስንት ብር እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ምሳሌውን ተውኩት።)

«አገር በቀል»ንም ከዚህ ጋር አትቀላቅሉብኝ። ወይራ አገር በቀል ነው፤ የመንም ቻይናም ስለሚበቅል ብርቅዬ አይደለም። በየአጥሩ ያለው በለስማ ጭራሽ ከሜክሲኮ የመጣ እንግዳ ነው።

አንድ ወዳጃችን ይሄን ስናገር ሰምቶ «አቦ፣ ነገር ታካብጃለሽ! ቋንቋ የሕዝብ ነው፤ ሕዝቡ ብርቅዬ ካለው ብርቅዬ ነው» አለኝ። ሕዝቡ ልጁን ብርቅዬ ቢል ማን ይከለክላል? እኔም እላለሁ። የጥበቃ ሥራ ላይ ግን ቃሉ ዋጋ ያስከፍላል። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች ከጠፋ ከሌላ አገር አምጥተን የምንተካው ዋልያ የለም። ባለነጠብጣቡ ጅብ ደግሞ በዓለም ደረጃ የመጥፋት ስጋት አለባቸው ከሚባሉት ውስጥ አይደለም። ሁሉን ብርቅዬ ካልን የቱን አስቀድመን እንደምንጠብቅ በምን እንለያለን? «ጅባችንን አሳነስሽብን» አለ ደግሞ። ኧረ እኔ ጅቡን እወደዋለሁ! ያልሆነውን አትበሉት ነው ያልኩት።

የባቢሌ ዝሆንም እንዲሁ ነው። ከሐረር ብዙም የማይርቀው የዝሆኖቹ መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1970 ነው የተቋቋመው። ዝሆኖቹ የአፍሪካ የሣር ምድር ዝሆኖች ናቸው፤ ኬንያም ያሉት ያው ናቸው። ለብቻቸው ንዑስ ዝርያ ናቸው የሚሉ የድሮ ጽሑፎች አሉ፤ ዛሬ ብዙዎች አይቀበሉትም። እኛ አገር የቀሩት ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ብርቅ ብትሏቸው እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ።

የሚቀጥለው ጉዞ ወደዚያው ወደ ባቢሌ ነው። ዝሆን ማየት ዕድል ይጠይቃል፣ ጥሩ ጫማ ግን ግዴታ ነው። በጎ ፈቃደኛው ትናንት የማስታወቂያውን ረቂቅ ላከልኝ። «ብርቅዬ» ከሚለው ላይ «ዬ»ዋን በቀይ ሰርዟታል።