ሳይጠየቅ የሚናገር ሰርቨር፦ ቅጽበታዊ መልእክትና ኖቲፊኬሽን በዌብ አፕሊኬሽን ላይ

ዌብ የቆመበት ኤችቲቲፒ የሚባለው ፕሮቶኮል አንድ ጥብቅ ሥርዓት አለው። ቀድሞ የሚናገረው ሁሌም ብራውዘሩ ነው። ሰርቨሩ ሲጠየቅ ይመልሳል፤ ካልተጠየቀ ዝም ይላል። ዜና ለማንበብ ወይም ፎርም ለመሙላት ይህ ይበቃል። ጣጣው የሚመጣው ሰርቨሩ ራሱ ወሬ ሲኖረው ነው። አዲስ ቻት ገባ፣ ክፍያ ተፈጸመ፣ የተጠራው ታክሲ በር ላይ ደረሰ እንበል። ተጠቃሚው ገጹን ሪፍሬሽ እስኪያደርግ ድረስ ሰርቨሩ ይህን የሚነግርበት መንገድ የለውም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ዛሬ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ። አንደኛው ገጹ ተከፍቶ እያለ የሚሠራ ነው። ቻትና የጨዋታ ውጤት በዚህ በኩል ይመጣሉ። ሁለተኛው ገጹ ተዘግቶ፣ ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖም የሚደርስ ነው። ኖቲፊኬሽን የምንለው እሱን ነው። ብዙ ጀማሪ ዴቨሎፐሮች ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ያያሉ። ከውስጥ ሲታዩ ግን አሠራራቸውም ገደባቸውም ለየቅል ነው።

ከተከፈተው ገጽ እንጀምር። የመጀመሪያው መላ ደጋግሞ መጠየቅ ነበር። ማይክሮሶፍት በ1999 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5ን ሲያወጣ፣ ገጹ ሳይቀየር ከጀርባ ሰርቨሩን መጠየቅ የሚያስችል መሣሪያ አብሮ አወጣ። የታሰበው በብራውዘር ለሚከፈተው የአውትሉክ ኢሜይል ነበር። ገጹ በየጥቂት ሴኮንዱ «አዲስ ነገር አለ?» እያለ መጠየቅ ጀመረ። ይህ ፖሊንግ ይባላል። ሒሳቡ ግን ያስደነግጣል። 10,000 ሰው ገጹን ከፍቶ በየ5 ሴኮንዱ ቢጠይቅ ሰርቨሩ በሴኮንድ 2,000 ጥያቄ ያስተናግዳል። የአብዛኛው መልስ ደግሞ «የለም» ነው። ያም ሆኖ ፖሊንግን መናቅ አይገባም። 40 ሠራተኛ በሚጠቀምበት የቢሮ ሲስተም ላይ በየ30 ሴኮንዱ መጠየቅ ማንንም አይጎዳም።

ቀጥሎ የመጣው ሎንግ ፖሊንግ ነው። ብራውዘሩ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ግን ወዲያው አይመልስም። አዲስ ነገር እስኪመጣ ወይም ጊዜው እስኪያልቅ ጥያቄውን ይዞ ይቆያል። መልስ እንደተሰጠ ብራውዘሩ ሌላ ጥያቄ ይከፍታል። በ2006 አሌክስ ራስል የተባለው ዴቨሎፐር ለዚህና ለመሰል ዘዴዎች ኮሜት የሚል የወል ስም ሰጣቸው። በ2008 የተጀመረው የፌስቡክ ቻትም በዚሁ ዘዴ ነው የሠራው።

ዘዴው አርጅቷል የሚል ካለ የቴሌግራም ቦትን ይመልከት። በአገራችን ፕሮግራሚንግ የጀመረ ወጣት ቶሎ ከሚሞክራቸው ነገሮች አንዱ ቦት ነው። ቦቱ መልእክት የሚቀበለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ዌብሁክ ነው፤ ቴሌግራም ራሱ ወደ ቦቱ ሰርቨር ይልካል። ሌላው ጌት አፕዴትስ የሚባለው ነው፤ ይኼ ራሱ ሎንግ ፖሊንግ ነው። ቦቱ ሲጠይቅ «እስከዚህ ቁጥር ድረስ ደርሶኛል» ብሎ ይናገራል። ቴሌግራም ከዚያ ቁጥር በኋላ ያለውን ብቻ ይልካል። ያልተወሰደውን ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ያቆየዋል። ይህች ቁጥር ትንሽ ትመስላለች፤ የቅጽበታዊ መልእክት ዋና ምስጢር ግን እሷ ናት። በኋላ ላይ እንመለስባታለን።

ሎንግ ፖሊንግ እያንዳንዱን መልእክት በአዲስ ጥያቄ ያስከፍላል። ሰርቨር ሴንት ኢቬንትስ፣ ባጭሩ ኤስኤስኢ፣ ይህን ያስቀራል። ብራውዘሩ አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ መልሱን ሳይዘጋ መስመር በመስመር ይጽፋል። ኦፔራ በ2006 ቀድሞ ሞክሮታል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው፤ የሚያስተላልፈውም ጽሑፍ ብቻ ነው። ጥሩነቱ መስመሩ ሲቋረጥ ብራውዘሩ ራሱ እንደገና ያገናኛል፤ ሲመለስም የመጨረሻውን መልእክት መለያ ቁጥር ይዞ ይመጣል። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መልሱን ቃል በቃል እያንጠባጠበ ሲጽፍ ካያችሁ፣ እንደ ኦፕን ኤአይና አንትሮፒክ ያሉት ኩባንያዎች ኤፒአይ (ፕሮግራም ከፕሮግራም የሚነጋገርበት በር) ላይ መልሱ የሚመጣው በኤስኤስኢ ነው። አንድ እንቅፋት አለው። በኤችቲቲፒ 1.1 ላይ ብራውዘር ለአንድ ዶሜይን ከ6 በላይ ኮኔክሽን አይከፍትም። ሰባተኛውን ታብ የከፈተ ሰው ገጹ ቀጥ ይልበታል። ኤችቲቲፒ 2 ላይ ይህ ችግር የለም ማለት ይቻላል።

ዌብሶኬት ከሁሉም ይገዝፋል። ስሙ የወጣው በ2008 ነው። ክሮም በ2009 መጨረሻ ቀድሞ ደገፈው። በዲሴምበር 2011 ደግሞ አርኤፍሲ 6455 የሚባል የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ሆኖ ጸደቀ። የሚጀምረው እንደ ተራ የኤችቲቲፒ ጥያቄ ነው። ብራውዘሩ «ፕሮቶኮል እንቀይር» ይላል፤ ሰርቨሩ ከተስማማ 101 የሚል ኮድ ይመልሳል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ያው የቲሲፒ መስመር (ኤችቲቲፒ ራሱ የሚሄድበት ግንኙነት) ለሁለቱም ወገን ክፍት ይሆናል፤ ያሻው ያሻውን ጊዜ ይናገራል። በእያንዳንዱ መልእክት ላይ የሚጨመረው ራስጌ ከ2 እስከ 14 ባይት ብቻ ነው።

መሃል ላይ አንድ ቀውስ ነበር። በ2010 ተመራማሪዎች አንድ ቀዳዳ አገኙ። በብራውዘርና በሰርቨር መሃል ሆነው መልእክት የሚያሳልፉ፣ አዲሱን ፕሮቶኮል የማያውቁ ፕሮክሲዎችን አታሎ ያስቀመጡትን ቅጂ (ካሽ) መበከል ይቻል ነበር። ፋየርፎክስ 4ና ኦፔራ ዌብሶኬትን አጠፉት። መፍትሔው ከብራውዘር የሚወጣውን እያንዳንዱን መልእክት በ4 ባይት የዘፈቀደ ቁልፍ ማቀላቀል ሆነ። ይህ ምስጠራ አይደለም፤ ሚስጥር የሚጠብቀው ደብልዩኤስኤስ የሚባለው፣ በቲኤልኤስ (በኤችቲቲፒኤስ ምስጠራ) ላይ የሚሄደው ዓይነት ነው።

የትኛው ይሻላል? ቻት፣ ጨዋታና አብሮ መጻፊያ ሰነድ ዌብሶኬት ይፈልጋሉ። ደወል ምልክቱ ላይ ቀይ ቁጥር ለማሳየት ግን ኤስኤስኢ ይበቃል፤ ተጠቃሚው የሚልከውን በተራ ኤችቲቲፒ መላክ ይችላል። ብዙ ቡድን ግን ወሬውን ሰምቶ በቀጥታ ዌብሶኬት ላይ ይንደረደራል። በኋላ ጥገናው ነው የሚያንገበግበው። በ2010 የወጣው ሶኬት ዶት አይኦ የተባለ ላይብረሪ ተወዳጅ የሆነውም ሥራውን ስለሚያቀልል ነው። ዌብሶኬት እንቢ ሲል ወደ ሎንግ ፖሊንግ ይመለሳል፤ የተቋረጠውንም ራሱ ያገናኛል።

እስካሁን ያየነው ቀላሉን ነው። መስመር መክፈት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ትልቁ ሥራ መስመሩ ሲበጠስ የሚሆነውን ማሰብ ነው፤ ይበጠሳልና። አዲስ አበባ ላይ መብራት ሲጠፋ ራውተሩ አብሮ ይጠፋል፤ ስልኩ ወደ ሞባይል ዳታ ይቀየራል፤ አይፒ አድራሻው ይለወጣል። የድሮው መስመር ሳይሰናበት ሞተ። ሰርቨሩ ግን አላወቀም፤ መልእክቱን ወደ ሞተ መስመር ይጽፋል። ስህተት እንኳ ወዲያው አይመጣለትም። ለዚህ ነው ፒንግና ፖንግ የሚባለው የልብ ትርታ የተሠራው። በየ25 ወይም 30 ሴኮንዱ አጭር ምልክት ይላካል፤ መልስ ካልመጣ መስመሩ እንደሞተ ይቆጠራል። ሌላም ጥቅም አለው። ኤንጂንኤክስ የሚባለው የዌብ ሰርቨር በፕሮክሲነት ሲሠራ፣ ካልተነገረው በቀር 60 ሴኮንድ ዝም ያለን መስመር ይዘጋል። «ቻታችን በየደቂቃው ይቋረጣል» የሚል ቅሬታ ከሰማችሁ መጀመሪያ እዚያ እዩ።

ዌብሶኬት የጠፋ መልእክት መልሶ አይልክም። መስመሩ ለ20 ሴኮንድ ተቋርጦ ቢመለስ በዚያ መሃል የተላከው ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ መልእክት መጀመሪያ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከዚያ በመስመሩ ይላካል። መስመሩ ደዋይ እንጂ ጎተራ አይደለም። ብራውዘሩ ሲመለስ እንደ ቴሌግራሙ ቦት «እስከ 812 አይቻለሁ» ይላል፤ ሰርቨሩ ከ813 ጀምሮ ያለውን ያወርድለታል። ይህ ካለ፣ ቅጽበታዊው መስመር ጨርሶ ባይኖርም አፕሊኬሽኑ ትንሽ ይዘገያል እንጂ አይሳሳትም።

ተቃራኒው ችግር መደጋገም ነው። ተጠቃሚው «ላክ» ነካ፤ መልእክቱ ደረሰ፤ ማረጋገጫው ግን በመንገድ ቀረ። ስልኩ እንደገና ይልካል። እናት ልጇ ከሳውዲ «ብር ልኬያለሁ» ስትላት ሁለት ጊዜ ብታነበው ግራ ይገባታል። መድኃኒቱ ላኪው ስልክ ለእያንዳንዱ መልእክት ከመላኩ በፊት የማይደገም መለያ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ሰርቨሩ ያንን መለያ ዳግም ሲያይ አዲስ ረድፍ አይጽፍም። ቅደም ተከተልም በሰርቨሩ ቁጥር እንጂ በስልኮች ሰዓት አይወሰንም፤ የሰው ስልክ ሰዓት አይታመንም።

ሰርቨሩ ወድቆ ሲነሳ ደግሞ የተቋረጡት ሺዎች ሁሉ በአንድ ሴኮንድ ተጋፍተው ይመለሳሉ፤ መልሰውም ይጥሉታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ብራውዘር 1፣ 2፣ 4፣ 8 ሴኮንድ እያለ ክፍተቱን እያሰፋ፣ በላዩም ጥቂት የዘፈቀደ ጊዜ እየጨመረ መሞከር አለበት።

አንድ ማሽን ስንት ሰው ይይዛል? በ1999 ዳን ኬግል የተባለ ፕሮግራመር 10,000 ኮኔክሽንን እንደ ትልቅ ፈተና አቅርቦ ነበር። በ2012 መጀመሪያ ዋትስአፕ በኤርላንግ ቋንቋና በፍሪቢኤስዲ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በአንድ ሰርቨር ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ኮኔክሽን እንደያዘ አስታወቀ። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ አያሳስብም። የሚያሳስበው ሰርቨሩ ሁለት ሲሆን ነው። አበበ አንደኛው ላይ፣ ሣራ ሁለተኛው ላይ ከሆኑ የአበበ መልእክት በምን በኩል ይሻገራል? የተለመደው መልስ ሬዲስ የሚባለው ዳታቤዝ ያለው ፐብሰብ ነው፤ አንዱ ሰርቨር የለቀቀውን መልእክት የሚያዳምጡት ሁሉ ይሰሙታል። እሱም ግን በዚያች ቅጽበት የማይሰማ ካለ መልእክቱን ጥሎ ያልፋል። ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ የሚጠቀም ሰው ሌላ ሳይጨምር በኖቲፋይ ትእዛዝ መጀመር ይችላል፤ የአንዱ መልእክት መጠን ግን ከ8,000 ባይት ማነስ አለበት። ስለዚህ ሙሉውን ጽሑፍ ሳይሆን ቁጥሩን ብቻ መላክ ይመረጣል።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ብቻ። አንድ ሳይት ወደ ሌላ ሳይት የሚልካቸውን ተራ ጥያቄዎች የሚገድበው ኮርስ (CORS) የሚባል የብራውዘር ጥበቃ ለዌብሶኬት አይሠራም። ሰውየው ማን እንደሆነ ለሰርቨሩ የሚያሳውቀው ኩኪ ከጥያቄው ጋር ከተላከ ሌላ ሳይት በተጠቃሚው ስም መስመር ሊከፍት ይችላል። ሰርቨሩ ጥያቄው ከየትኛው ሳይት እንደመጣ ማየት አለበት፤ ሰውየው የሚከታተለውን እያንዳንዱን ቻት የማየት መብት እንዳለውም በየጊዜው መፈተሽ አለበት።

አሁን ወደ ተዘጋው ገጽ እንሂድ። ገጹ ተዘግቶም ኖቲፊኬሽን የሚያደርሰው ዌብ ፑሽ ክሮም ላይ በ2015፣ ፋየርፎክስ ላይ በ2016 መጣ። አይፎን ላይ የደረሰው በማርች 2023 ከአይኦኤስ 16.4 ጋር ነው፤ እሱም ተጠቃሚው ሳይቱን ሆም ስክሪን ላይ ካስቀመጠው ብቻ። እዚህ ሰርቨራችሁ ከስልኩ ጋር በቀጥታ አይነጋገርም። መልእክቱ በብራውዘሩ ባለቤት የፑሽ ሰርቨር በኩል ያልፋል። ስልኩ ላይ ሰርቪስ ወርከር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነቅቶ ይቀበለዋል። ተጠቃሚው ሲፈቅድ ብራውዘሩ የራሱን አድራሻና ቁልፍ ይሰጣችኋል። መልእክቱ በዚያ ቁልፍ ስለሚመሰጠር ጉግልም ሆነ አፕል በመሃል አያነቡትም። አድራሻው 410 የሚል መልስ ከሰጠ ሰውየው ሄዷል፤ ከዳታቤዝ አጥፉት።

መጠኑም የተወሰነ ነው። ከምስጠራው በኋላ ለጽሑፍ የሚቀረው 3,993 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የጽሑፍ አቀማመጥ ላይ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 1,330 ፊደል ገደማ ይገባል፤ ለኖቲፊኬሽን ከበቂ በላይ ነው። ወደ ኤስኤምኤስ ስንመጣ ግን ይጠብባል። በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው አንድ ኤስኤምኤስ በግዕዝ 70 ብቻ ይይዛል። 100 ፊደል ያለው የአማርኛ መልእክት የሁለት ሒሳብ ያስከፍላል። የርዝመት ገደብ ስታስቀምጡ በባይት ነው ወይስ በፊደል የሚለውን ቀድማችሁ ወስኑ።

ትልቁ ገደብ ግን ሰው ነው። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ በ2019 እንዳሳወቀው ለተጠቃሚዎች ከቀረቡት የኖቲፊኬሽን ፈቃድ ጥያቄዎች 99 በመቶ ያህሉ ተቀባይነት አላገኙም። በ2020 መጀመሪያ ፋየርፎክስ 72 ተጠቃሚው ገጹ ላይ አንዳች ነገር ሳይነካ ጥያቄው እንዳይወጣ ከለከለ፤ ክሮም 80ም ጥያቄውን ድምፁን ዝቅ አደረገው። ሳይቱ እንደተከፈተ «ኖቲፊኬሽን ይፈቀድ?» ማለት ገና በር ላይ ብድር መጠየቅ ነው። አንዴ «አይ» ከተባለ ደግሞ ሳይቱ እንደገና መጠየቅ አይችልም፤ ሰውየው ራሱ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መቀየር አለበት። ትእዛዝ ከሰጠ በኋላ «ሲደርስ እንንገርዎ?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው።

ሲፈቀድም ሁሉን አይልኩም። ሰውየው ያንን ቻት ከፍቶ እያነበበ ከሆነ ስልኩ መጮህ የለበትም፤ የተከፈተው መስመር ይበቃል። በላፕቶፕ ያነበበው ስልኩ ላይ ቀይ ቁጥር ሆኖ መቅረት የለበትም፤ «ተነቧል» የሚለውም እንደ መልእክት ተመዝግቦ ወደ ሁሉም መሣሪያ መሄድ አለበት። ከአንድ ግሩፕ በደቂቃ 30 መልእክት ከመጣ አንድ ኖቲፊኬሽን ላይ «30 አዲስ» ብሎ መደራረብ ይሻላል። ፑሽ ለከለከለ ሰው ያልተነበበውን ከ10 ወይም 15 ደቂቃ በኋላ ሰብስቦ በአንድ ኢሜይል መላክ የተለመደ ነው። ኤስኤምኤሱ ዋጋ ስላለው ለማረጋገጫ ኮድና ለገንዘብ ጉዳይ ይቆያል።