ባንተይቀጡ፦ በመሀል አዲስ አበባ የሚወርደው ወንዝ

ባንተይቀጡ ከእንጦጦ ግርጌ ተነስተው መሀል አዲስ አበባን ከሚያቋርጡ ወንዞች አንዱ ነው። ከቀጨኔ በኩል የሚመጣው ውሃ በራስ መኮንን ድልድይ ስር ያልፋል። ከዚያ ፍልውሃን ታክኮ፣ በመስቀል አደባባይ አጠገብ አድርጎ ወደ ኡራኤል ይወርዳል። ዝቅ ሲል ከግንፍሌና ከቀበና ጋር ይቀላቀላል። የስሙ አጻጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለያያል፤ ብዙ ነዋሪ ግን በስሙ አይጠራውም፣ «ወንዙ» ብሎት ያልፋል። ለዚህ ውሃ ይህ አይገባውም ነበር።

ከከተማዋ በፊት አካባቢው ፊንፊኔ ይባል ነበር። ኦሮሞዎች ይኖሩበት፣ ከብት ያሰማሩበት፣ በፍልውሃውም ይገለገሉበት ነበር።

በ1870ዎቹ ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ ነበር። እንጦጦ ለመከላከል ይመቻል፣ ለመኖር ግን አይመችም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ማገዶውም እየራቀ ሄዷል። መኳንንቱ ለመታጠብና ለመታከም ወደ ፍልውሃ ይወርዱ ጀመር። ድንኳን ተክለው ቀናት ይሰነብታሉ። በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ወደ ሐረር ሲዘምቱ፣ ወይዘሮ ጣይቱ (በኋላ እቴጌ) ከፍልውሃው በላይ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም ተከትለው በየኮረብታው ሰፈሩ። በሰፈርና በሰፈር መካከል ድንበር የሆኑት ወንዞቹ ናቸው። ከጦርነቱና ከፖለቲካው እኩል የሴት ዓይንና የሞቀ ውሃ ይህችን ከተማ እንደ መሠረቱ መካድ አይቻልም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1886 ዓ.ም. ገደማ፣ በስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ መሪነት የእንጦጦ ውሃ በቧንቧ ግቢ ገባ። ቤተ መንግሥቱ ከወንዝ ውሃ ተላቀቀ ማለት ነው። ሕዝቡ ግን በምንጭና በጉድጓድ ብዙ ዘመን ቆየ። በኋላ ገፈርሳና ለገዳዲ ሲገደቡ ከተማው ሁሉ ውሃውን ከሩቅ ማምጣት ለመደ፣ ለደጁ ወንዝም ጀርባውን ሰጠ።

ጀርባ መስጠቱ ቀልድ አይደለም። ወንዝ ዳር ያሉ ቤቶች በራቸው ወደ መንገድ፣ የሽንት ቤታቸው ቱቦ ወደ ወንዝ ነበር። ክረምት ሲገባ «ዝናቡ ይወስደዋል» ብሎ ጉድጓዱን የሚለቅ ግቢ አይጠፋም። በጋ ላይ ውሃው ይጠቁራል፣ ሽታው ድልድይ ላይ አፍንጫ ያስይዛል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ቡናማ ደራሽ ሆኖ ሃይላንዱን፣ ፌስታሉን፣ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ ሰው አልራቀውም። ድንጋይ ላይ ልብስ አጥቦ ቁጥቋጦ ላይ የሚያሰጣ፣ መኪና የሚያጥብ፣ ገላውን የሚታጠብ የጎዳና ልጅ ነበረው፤ በየቦታው ዛሬም አለው።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ይፋ ሆነ። ዕቅዱ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ማልማት፣ ወጪውም 29 ቢሊዮን ብር ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ለዚሁ ሥራ በተዘጋጀው ገበታ ለሸገር የአንድ ሰው እራት 5 ሚሊዮን ብር ተከፈለበት። በቻይና ድጋፍ ከቤተ መንግሥቱ ስር ወዳጅነት ፓርክ ተሠራ። አሁን ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት ቦታ ነው፤ ደስ ይላል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ፒያሳን ጨምሮ ብዙ አሮጌ ሰፈር አፈረሰ። የተነሡት ሰዎች ተገቢውን ምትክ አግኝተዋል ወይስ አላገኙም በሚለው ላይ ክርክሩ አልበረደም።

ሌላው ትልቅ ክስተት በውሃ ዳር የሚከበረው የኦሮሞ የምስጋና በዓል፣ ኢሬቻ ነው። መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ሆራ ፊንፊኔ ላይ ተከበረ። አዘጋጆቹ ከ150 ዓመት በኋላ ወደ ቦታው መመለሱን ተናግረዋል። በዓሉ ዛሬም በየዓመቱ ይከበራል።

ከከተማ ሲወጣ ውሃው ቡልቡላ ይባላል፣ ከትልቁ አቃቂም ይገባል። በአቃቂ ወንዞች ዳር ገበሬዎች ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያለሙበታል። የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች በዚህ አትክልት ውስጥ ከፋብሪካ ፍሳሽ ጭምር የመጣ ከባድ ብረት አግኝተዋል። ምርቱ ግን ተመልሶ የሚሸጠው እዚሁ ከተማ ነው። የቀረው ውሃ በእምቦጭ ወደተወረረው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። ለአስርት ዓመታት ቆሞ የነበረው 6.6 ሜጋ ዋት ማመንጫ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ዳግም ሥራ ጀምሯል። ከዚያ በኋላ ውሃው አዋሽን ይይዛል።